ነፋስ ያቆየው ሽምግልና

ታናሽ ወንድሜ ሊያገባት የፈለጋት ልጅ የመርሳ ልጅ ናት። አባቷ ሽማግሌዎቻችንን ሁለት ጊዜ «ደግሞ ኑ» ብለው መልሰዋቸዋል፤ ይህ የወጉ ስለሆነ ማንም አልተከፋም። በሦስተኛው ግን ነገሩን በግልጽ አስቀመጡት። የልጅቷን እናት ከሕፃንነቷ ጀምረው ያሳደጓት አጎቷ ሐይቅ ከተማ ካለው ባሕር ማዶ ይኖራሉ። እሳቸው ባልተቀመጡበት አባትየው መልስ አይሰጡም። እሳቸው ደግሞ «ፈላጊው መጥቶ ይጠይቀኝ፤ ሳልጠየቅ የማንንም ደጅ አልረግጥም» ብለዋል። ስለዚህ ቅዳሜ ሄደን ጠይቀን፣ ፈቃዳቸው ከሆነም ይዘናቸው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ መርሳ መድረስ ነበረብን። ካልደረስን እሑድ ከሐራ የሚመጡ ሌሎች ሽማግሌዎች ቀጠሮ አላቸው። አባትየው በቀጠሮ የሚቀልዱ ሰው አለመሆናቸውን መርሳ ሁሉ ያውቃል።

ወንድሜ ይህን በስልክ ሲነግረኝ «እሷስ ምን አለች?» ብዬ ጠየቅሁት።

«እሷማ እኔን ነው የምትለው። ግን አባቷን ረግጣ አትወጣም።»

እኔም ረግጣ እንድትወጣ አልፈለግሁም። ወልድያ ውስጥ ሕግ የማስተምር ሴት ነኝ፤ በኩርፊያ የተጀመረ ትዳር ኋላ ስንት ሰው እንደሚያደክም ከሙያዬ አውቃለሁ። ወላጆቻችን ካረፉ ወዲህ ወንድሜን ያሳደግሁት እኔ ነኝና ጉዳዩ ከማንም በላይ የእኔ ነበር። ሆኖም በእኛ አገር ሴት ለሽምግልና አትላክም። የሽማግሌዎቹ መሪ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ግራና የሚኖሩ፣ አንድ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ንግግር የሚያውቁ ሰው። የእኔ ድርሻ መኪና መንዳት፣ ጀልባ መከራየት፣ ከዚያም ራቅ ብሎ መቆም እንደሆነ አስቀድሞ ተነግሮኝ ነበር። ተስማምቻለሁ።

ቅዳሜ በማለዳ ከወልድያ ተነሥቼ አጎቴን መርሳ ላይ አገኘኋቸው። ሌሎቹ ሁለት ሽማግሌዎች ከወንድሜ ጋር እዚያው ሆነው ሊጠብቁን ቀሩ። ውርጌሳን እስክናልፍ ድረስ አጎቴ ንግግራቸውን ለራሳቸው ይለማመዱ ነበር።

«“ከዘር ቆጥረን፣ ከምግባር መርጠን” ልበል ወይስ “ከምግባር መርጠን፣ ከዘር ቆጥረን”?»

«ምግባሩ ቢቀድም ይሻላል።»

«ወንድምሽ ምግባር አለው ወይ?»

«አለው።»

«እንግዲያው ይቅደም» አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ሐይቅ ከተማ ደርሰን ከባሕሩ ዳር ስንወርድ ውሃው ዝም ብሎ ተኝቷል። ባለጀልባው የእኔ እኩያ የሚሆን ቀልደኛ ሰው ነው። ሞተሩ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ቢጠፋበትም ሳንረጥብ አሻገረን። የምንሄድበት ቦታ ከማዶው ዳርቻ ትንሽ ገባ ብሎ በሐይቁ ውስጥ የቆመ ጉብታ ነው። በበጋ ከየብስ ጋር የሚያገናኘው ረግረግ ይደርቅና ከብት ይሻገርበታል፤ በዚያ ዓመት ግን ውሃው ስላልሸሸ በዙሪያው ደንገል የከበበው ደሴት ሆኖ ነበር። ማንጎና ቡና ተተክሎበታል። ማረፊያው በባሕር ዛፍ እግሮች ላይ የተመታ ጥቂት ሳንቃ ሲሆን፣ ከጎኑ መረብ የሚያስቀምጡባት የደንገል ጎጆ አለች። አትክልቱም ጎጆዋም የልጅቷ እናት አጎት የሆኑት የአዛውንቱ ናቸው።

አዛውንቱ ከሳንቃው ጫፍ ቆመው ጠበቁን። ነጭ ጀለቢያ ላይ ካፖርት ደርበዋል፤ ጢማቸው ሂና የነካው ነው። የልጅቷ የእናት ወገን ሙስሊም፣ የአባቷ ወገን ክርስቲያን መሆኑ ለእኛ አገር ሰው ማብራሪያ የሚፈልግ ነገር አይደለም። ከዚያ ሰላምታ ተጀመረ።

የወሎ ሽማግሌዎች ሲገናኙ የሚለዋወጡትን ሰላምታ የማያውቅ ሰው፣ ቀኑን ለምን እንዳጣነው ሊገባው አይችልም። ጤና ተጠየቀ፤ ቤተሰብ ተጠየቀ፤ ከብት ተጠየቀ። የግራና ጤፍ እንዴት ነው ተባለ፤ የማዶው ማሽላ እንዴት ነው ተባለ። የሞቱ ሰዎች በየተራ ተነሡ፤ ለእያንዳንዳቸው «ነፍስ ይማር» እና «አላህ ይዘንላቸው» ተባለ። አንድ የጋራ ዘመድ ሊገኝ ምንም ያህል አልቀረውም ነበርና እሱን ፍለጋ እንደገና ከአያቶች ተጀመረ። እኔ እንደ ተነገረኝ ራቅ ብዬ ቆሜ ውሃውን እመለከት ነበር። መጀመሪያ ከወዲያ ማዶ መልኩ ጠቆረ። ቀጥሎ ጥቁረቱ ወደ እኛ መጣ። ደንገሉ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲጎነበስ አጎቴ ገና «የአማቻቸው ጤንነትስ?» ይሉ ነበር። ከዚያ ነፋሱ ጋቢያቸውን ገልቦ ፊታቸው ላይ ጣለባቸው።

አዛውንቱ «አጂብ» አሉ። «ዛሬ ቀደም ብሎ መጣ።»

ባለጀልባው ገመዱን እያጠበቀ ወደ እኔ ተጠጋ። «እትዬ፣ አትስጊ። አሁኑኑ ከተነሣን ጥግ ጥጉን ይዤ አወጣችኋለሁ።»

«ሞተሩ ቢጠፋስ?»

«አይጠፋም።»

«ጠዋት ሁለት ጊዜ ጠፍቷል።»

«እሱ በርዶት ነው።»

ከሳንቃው ጫፍ ሄጄ ተመለከትሁ። ማዕበሉ ነጭ ጫፍ አውጥቷል፤ የታሰረችው ጀልባ እንኳ ጎኗን ከእንጨቱ ጋር እያላተመች ነው። ላይፍ ጃኬት የነበረን ሦስት ብቻ ሲሆን እኛ ከአዛውንቱ ጋር አራት ልንሆን ነው። ተመልሼ «አንሻገርም» አልሁ።

አጎቴ ጆሯቸውን አላመኑም። «ባለቤቱ አሻግራለሁ እያለ አንቺ ምን ቤት ነሽ?»

«ጀልባውን የተከራየሁት እኔ ነኝ፣ አጎቴ። እርስዎ ደግሞ ዋና አይችሉም።»

«በዚህ ዕድሜዬ ዋና ልማር?»

«ለዛሬ አይደርስም።»

ባለጀልባው ሳቁን ለመደበቅ ወደ ሞተሩ አጎነበሰ። አጎቴ ግን ተቆጡ። ሽማግሌ ቀጠሮ ካፈረሰ ምን ፊት ይዞ ይመለሳል? ነገ የሐራ ሰዎች ቢወስዷት ለልጁ ምን ሊሉት ነው? ወንድሜ እንደሆነ ከእሷ ሌላ አላይም ብሎ ሁለት ዓመት ቆይቷል፤ ለነፋስ ተብሎ ሊቀር ነው? የተናገሩት ሁሉ እውነት ነበር። በእግር መዞርም አይታሰብም፤ ረግረጉን በወገብ ልክ ተሻግሮ፣ ተራራውን ወጥቶ፣ በዚያ ጉልበት ማደር እንጂ መድረስ የለም። ሰምቼ ስጨርስ አንዱን ላይፍ ጃኬት ከጎጆዋ በር ዘርግቼ ተቀመጥሁበት። መልሴ ያው እንደሆነ ገባቸው። አዛውንቱ በዚህ ሁሉ መሐል ምርኩዛቸውን ተደግፈው አንዴ እኔን፣ አንዴ አጎቴን ይመለከቱ ነበር።

ስልክ የሚሠራው ከጉብታው አናት፣ ከአንዲት ሾላ ሥር ብቻ ነው ተባልሁና ወጣሁ።

«የት ደረሳችሁ?» አለ ወንድሜ።

«ማዶ ነን። ነፋስ ይዞናል።»

«የምን ነፋስ? መርሳ ቅጠል አይንቀሳቀስም።»

«ነፋሱን ሁሉ ወደዚህ ልካችሁታል።»

አልሳቀም። ከእሱ ጋር ያሉት ሁለት ሽማግሌዎች ወደ ልጅቷ አባት ሄደው እንዲነግሩለት አደረገና መልሶ ደወለ። አባትየው «የፈለገ ይደርሳል» ከማለት በቀር ሌላ አልጨመሩም። ወንድሜ ይህን ነግሮኝ «አንቺ ካለሽ ይሆናል» አለኝ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ ነው የሚለኝ። ስልኩን ዘግቼ ከሾላዋ ሥር ጥቂት ቆየሁ። ነፋሱ እስኪበርድ ውሃው ላይ ሰው አላወጣም፤ ይህ ተወስኗል። የቀረው ጊዜውን ምን እናድርገው የሚለው ነበር።

ስመለስ ሁለቱ ሽማግሌዎች ቆመዋል። አጎቴ በሥርዓቱ መሠረት ጥያቄያቸውን አቅርበው ኖሯል፤ ሽማግሌ ደግሞ መልስ ሳይሰማ አይቀመጥም፣ እህል ውሃም አይቀምስም። በልጅቷ አባት ቤት ቢሆን ይህ ወግ አይከብድም፤ ቢበዛ ትንሽ ያስቆሙህና ቁርጡን ይነግሩሃል። አዛውንቱ ግን መልሳቸውን እዚህ አይሰጡም።

«መልሱ ያለው መርሳ፣ ከአባቷ ቤት ነው። እዚህ ምን መልስ አለኝ? አያ፣ አንቱ ይቀመጡ።»

«መልስ ሳልሰማ አልቀመጥም።»

«እንግዳ ቆሞ እኔስ እንዴት ልቀመጥ? እኔም ቆሜያለሁ።»

በዚህ ሁኔታ ሁለት በዕድሜ የገፉ ሰዎች፣ አንዱ በታመመ ጉልበቱ፣ ሌላው በምርኩዙ፣ ጎጆ በር ላይ ፊት ለፊት ቆመው ነፋሱን ተቀበሉት። ባለጀልባው ድንጋይ አንከባልሎ አመጣና ከአጎቴ ኋላ አስቀመጠ።

«አባባ፣ መቀመጥ አይደለም፤ ደገፍ ማለት ነው» አላቸው።

«ድንጋይህን ውሰድ።»

«ነፋሱ ገፍቶኝ ወደቅሁበት ቢሉስ?»

«አንተ ጀልባህን ጠብቅ።»

የዙሁር ሰላት ሲደርስ አዛውንቱ ከጎጆዋ ጥግ ምንጣፍ ዘረጉ። ነፋሱ ወዲያው አንሥቶ አጠፈው። አጎቴ ሄደው፣ ከጎን ቆመው፣ ጋቢያቸውን በሁለት እጃቸው እንደ መጋረጃ ዘርግተው ነፋሱን ያዙላቸው። አዛውንቱ ሰግደው እስኪጨርሱ ክንዳቸውን አላወረዱም። ሲጨርሱም አዛውንቱ ምስጋና አላበዙም፤ «ክንድዎ ደከመ» ብቻ አሉ። አጎቴም «ጋቢው ነው የደከመ» አሉና ወደ ቀድሞው ቦታቸው ተመልሰው ቆሙ።

ነፋሱ እንደዚያው ነው። እኔ ከጎጆዋ ውስጥ ገብቼ የተማሪዎች ፈተና አረምሁ፤ ቦርሳዬ ውስጥ ሥራ ሳልይዝ ከቤት አልወጣም። ባለጀልባው ከአዛውንቱ መረብ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ አውጥቶ በፍም መጥበስ ጀመረ። እኛ አገር እርድ የሃይማኖት ነገር ነው፤ የክርስቲያን ሥጋ ለሙስሊም፣ የሙስሊሙም ለክርስቲያን አይቀርብም። ዓሣን ግን ማንም ባርኮ አያርደው፤ ከውሃ ሲወጣ በራሱ ያልቅለታል። ቀኑም የጾም አልነበረም። ከወልድያ የያዝሁትን ዳቦና ሚጥሚጣ አወጣሁ። ሽታው ወደ አጎቴ ሲደርስ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ መለሱ። ከግራና የወጡት ሳይነጋ፣ ባዶ ሆዳቸውን እንደሆነ አውቃለሁ።

አዛውንቱ ዓሣውን በቁማቸው ተቀበሉ። አጥንቱን አንድ በአንድ ለቀሙ፤ ሥጋውን ከዳቦ ጋር ጠቀለሉ፤ ሚጥሚጣ ነካ አደረጉበትና ለራሳቸው የሚጎርሱ ሲመስል እጃቸውን ወደ አጎቴ አፍ ዘረጉ።

«ቢስሚላህ። አያ፣ እንኩ በሞቴ።»

የዕድሜ ታላቅን ጉርሻ መመለስ ስድብ ነው። መልስ ሳይሰሙ መጉረስ ደግሞ ሽምግልናን ማርከስ ነው። አጎቴ ሁለቱን ወጎች ለመመዘን ጊዜ አላገኙም፤ አፋቸው ቀደማቸውና ጎረሱ። ከዚያ ማላመጥ ጀምረው ነገሩ ትዝ አላቸው፤ መንጋጋቸው መሐል ላይ ቆመ። መትፋት አይቻል፤ መዋጥ አይቻል። ዓይናቸው ወደ እኔ መጣ። ባለጀልባው ዓሣ መገልበጡን ተወ።

አዛውንቱ ጣታቸውን ጠረጉና በዝግታ ተናገሩ። «ይኸው በሉ እንግዲህ። ሽማግሌ ሳይመለስለት አይበላም ሲባል ሰምቼ ነበር። ጥያቄውን ተዋችሁት ማለት ነው?»

ይህ ቀልድ ይሁን ፍርድ ከፊታቸው ማንበብ አልቻልሁም። አጎቴ አፋቸው ሞልቶ ስለነበር መልስ ሊሰጡ አይችሉም። ራቅ ብዬ እንድቆም የተነገረኝ ሴት ያን ጊዜ ፈተናውን አስቀምጬ ተነሣሁ።

«አባባ፣ ይፈቀድልኝና አንድ ነገር ልናገር።»

«ተናገሪ፣ ልጄ።»

«አጎቴ በራሳቸው እጅ ቢበሉ ጥያቄውን ተዉ ይባል ነበር። ነገር ግን ያጎረሱት እርስዎ ነዎት። ሽማግሌ ከመልስ በፊት እህል እንደማይቀምስ ያውቃሉ፤ አሁን በአፍዎም ነግረውናል። ይህን የሚያውቅ የልጅቷ ወገን በገዛ እጁ ካጎረሰ፣ የፈቀደ እንጂ ሌላ አይባልም። እሺታ በአፍ ብቻ አይነገርም፤ በእጅም ይነገራል። እኔ እንደዚያ ነው የተረዳሁት፤ አጎቴም እንደዚያ ተረድተው ነው የጎረሱ።»

አጎቴ ይህን ሲሰሙ ዋጡ። «አዎ» አሉ ወዲያው፤ «እንደዚያ ተረድቼ ነው።»

አዛውንቱ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱኝ። «ወላሂ» አሉ በመጨረሻ፣ «ሴት ስትሸመግል አላየሁም ነበር። ይህን ማን አስተማረሽ?»

«እኔው ነኝ የማስተምረው» አልሁ።

ባለጀልባው ፍሙ ላይ እስኪደፋ ሳቀ። አዛውንቱ አልሳቁም፤ እሺም አላሉ፣ አልፈቀድሁም ብለው አላስተባበሉም። «የቀረውን መርሳ እንነጋገርበታለን» ብለው ከባለጀልባው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። አጎቴ ይህን አዩና እሳቸውም ከጎናቸው በላይፍ ጃኬቱ ላይ ተቀመጡ። ጉልበታቸው ሲታጠፍ ያሰማው ድምፅ ከነፋሱ በላይ ተሰማ። ከዚያ ወዲያ ሦስት ዓሣ በሉ፤ ያንን የጠፋ የጋራ ዘመድም የዓሣ አጥንት እየለቀሙ አገኙት።

ነፋሱ የበረደው ቀኑ ሲያጋድል ነው። ማዕበሉ ነጭ ጫፉን እስኪያጣ፣ ባለጀልባውም ሞተሩን ደጋግሞ አስነሥቶ እስኪያሳየኝ ጠበቅሁ። ላይፍ ጃኬቶቹን ለሁለቱ ሽማግሌዎችና ለራሴ ሰጥቼ ነበር፤ ባለጀልባው ዋናተኛ ስለሆነ አልፈልግም አለ። አጎቴ መሐል ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፍነው ጸለዩ። ሞተሩ አልጠፋም።

መኪናውን ከወትሮው ፈጠን አድርጌ ነዳሁ፤ ፈጠን እንጂ አልከነፍሁም። መርሳ ላይ ፀሐይ ከምዕራቡ ተራራ ኋላ ቀድማ ትገባለች። ስንደርስ ብርሃኑ ሙሉ ነው፤ ፀሐይዋ ግን የለችም። የልጅቷ አባት ከግቢያቸው በር ላይ ቆመዋል፤ ሁለቱ ሽማግሌዎቻችን ከግንቡ ሥር ተደርድረው አንገታቸውን ደፍተዋል። ወንድሜ መንገዱን ተሻግሮ ከቆመ ባጃጅ አጠገብ ነበር።

«ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው ያልሁት» አሉ አባትየው፤ ሰላምታም አላስቀደሙ።

አጎቴ የተለማመዱትን ንግግር ሊጀምሩ አፋቸውን ከፈቱ። አዛውንቱ ምርኩዛቸውን ከፍ አድርገው አስቆሟቸው።

«እኔ ነኝ የዘገየሁት። በኔ ቤት፣ በኔ ነፋስ ነው የዘገዩት። እንግባ፤ ቆሜ መዋል በቅቶኛል።»

ገባን። እኔ ከበሩ ልመለስ ስል አዛውንቱ ዞረው «እሷም ትግባ» አሉ፤ ማንም አልተቃወመም። ከበሩ አጠገብ ባለው ወንበር ተቀመጥሁ። ከጓዳ በኩል የሰው ትንፋሽ እንጂ ድምፅ አይሰማም፤ ልጅቷና እናቷ እዚያ እንደሆኑ ገባኝ።

«አጎቴ፣ ምን ይላሉ?» አሉ አባትየው ለአዛውንቱ። የሚስታቸውን አጎት እንደ ራሳቸው አጎት ይጠሯቸዋል።

«የመጣሁት ልከለክል ነበር» አሉ አዛውንቱ። አጎቴ ከወንበራቸው ላይ ሲነቃነቁ አየሁ። «ሰዎቹን አላውቃቸውም። ልጁም የራሱን ቤት ሳያቆም ለማግባት የቸኮለ መሰለኝ። ለእንቢታዬ ምክንያት ፈልጌ ነበር፤ ነፋሱ ሲነሣ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። ተሻግረው ቢሄዱ ብቻቸውን እልካቸው ነበር፤ እንዲህ ለሚቸኩል ሰው ልጅ አይሰጥም ልልህ። ይህቺ ሴት ግን አልሻገርም አለች። ሽማግሌያቸው ተቆጧት፤ እሷ ቁጭ አለች። የእኛን ልጅ እናገኛለን ብለው የራሳቸውን ሰው ውሃ ላይ አልጣሉም። ስለዚህ በእጄ አጉርሻቸዋለሁ። የኔ ይኸው ነው። ያንተ ደግሞ ያንተ ነው።»

 አባትየው ወደ ጓዳው ዞረው «ሰምታችኋል?» ሲሉ ጠየቁ።

ከውስጥ የልጅቷ ድምፅ «ሰምተናል፣ አባዬ» አለ። ቀጥ ያለ፣ ያልተንቀጠቀጠ ድምፅ ነው። ወደድኋት።

«እንግዲያውስ ሰጥቻለሁ» አሉ አባትየው። «እሑድ ለሚመጡት ሰዎች እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

እናትየው እልልታውን ስትጀምር አጎቴ አንድ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ፣ ሌላውን ፊታቸው ላይ አድርገው ነበር። አዛውንቱ «ልጁን አምጡልኝና ልየው፤ መልኩን እንኳ አላውቀውም» አሉ።

ወጥቼ መንገዱን ተሻገርሁ። ወንድሜ እልልታውን ሰምቷል፤ ግን አላመነውም። «ምን አሉ?» አለኝ።

«ሰጥተዋል። ግባና ጉልበታቸውን ሳም፤ መጀመሪያ የአዛውንቱን።»

ሁለት እርምጃ ሄደና ተመለሰ። «በየትኛው በር ነው የምገባው?»

ግቢው አንድ በር ብቻ ነው ያለው፤ እሱም ወለል ብሎ ተከፍቷል። ክንዱን ይዤ ወሰድሁት።